መብራቱ ሲደበዝዝ ዝም አይበሉ!

እዚህ አሜሪካ የኤሌክትሪክ ታክሲ ገዝተው ማታ ማታ ከቤትዎ ወይም ከሱቅዎ ቻርጅ ያደርጉ ይሆናል። መኪናውን ሲሰኩ መብራቱ ደብዘዝ፣ ሶኬቱም ሞቅ ካለ ነገሩን ችላ አይበሉት። ሽቦው ቀጥኖ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ቮልቱ እየወረደ፣ የከፈሉበት ኃይልም ወደ ሙቀት እየተለወጠ ሊሆን ይችላል። መጨረሻው እሳት ነው።

ቻርጀር እንደ ማይክሮዌቭ ለደቂቃዎች ሳይሆን ለሰዓታት ነው የሚሠራው። ስለዚህ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ከብሬከሩ አቅም ከ80 በመቶ በላይ እንዳይጫንበት ያዛል። ብሬከሩ 40 አምፔር ከሆነ ቻርጀሩ ከ32 ማለፍ የለበትም። ይህ በ240 ቮልት 7.7 ኪሎዋት ገደማ ነው።

ታዲያ ምን ያድርጉ?

አንደኛ፦ ለቻርጀሩ የራሱን መስመር ያዘርጉለት፤ ከሱቁ ፍሪጅ ጋር አይጋራ። በኤክስቴንሽን ገመድም አይሰኩ።

ሁለተኛ፦ ቻርጀሩ እየሠራ ሳለ ባለሙያ ቮልቱን ይለካልዎት። በመስመሩ ላይ የሚጠፋው ከ3 በመቶ፣ ማለትም ከ7 ቮልት ያህል ባይበልጥ ይመረጣል።

ሦስተኛ፦ የሱቅዎን የመብራት ቢል ይመልከቱ። «ዲማንድ» የሚል ክፍያ ካለበት፣ የሚሰላው በወሩ ውስጥ በአንድ ወቅት በሳቡት ከፍተኛ ኃይል ነው። ስለዚህ ሁለት መኪና ባንድ ጊዜ ከመሰካት ተራ በተራ ያድርጉት።

ሥራውን በርካሽ ለሚሠራልዎት ወዳጅ ሳይሆን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይስጡ፤ የከተማውንም ፈቃድ ያስወጡ። ያለ ፈቃድ የተዘረጋ መስመር እሳት ቢያስነሳ ኢንሹራንሱ ካሣ አልከፍልም ሊልዎት ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል!