ላምባው ስንት ላይ ብልጭ አለ?

ከግቢ ውጪ ተከራይተው በላምባ ቡታጋዝ የሚያበስሉ ወንድምና እህቶች ዛሬም አሉን። ላምባው ቤንዚን ተቀላቅሎበት ቢሆንስ? በዓይንም በሽታም ሁልጊዜ አይለይም። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን የሚያጋልጠው ፈተና አለ፤ ፍላሽ ፖይንት ይባላል።

የሚነደው ፈሳሹ ራሱ አይደለም፤ ከላዩ ተነስቶ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነው። ፍላሽ ፖይንት ማለት ተኑ ነበልባል ሲጠጋው ለቅጽበት ብልጭ ለማለት የሚበቃበት ዝቅተኛው የሙቀት መጠን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ እዚያ ይደርሳል። ላምባ ግን ቢያንስ 38 ይጠበቅበታል። ትንሽ ቤንዚን ሲገባበት ቁጥሩ ክፉኛ ይወርዳል፤ ቀድሞ የሚተነው ቀላሉ ክፍል ነውና።

እኛ የሠራነው ፔንስኪ ማርተንስ በሚባለው ዝግ ኩባያ ነው። ናሙናው እየተማሰለ በደቂቃ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ይሞቃል። በየአንድ ዲግሪው ማማሰያው ቆሞ የክዳኑ መስኮት ይከፈትና ትንሽ ነበልባል ወደ ውስጥ ዝቅ ትላለች። ክዳን ከሌለ ተኑ ስለሚበተን ቁጥሩ ከፍ ይላል። እንግሊዝ በ1868 እ.ኤ.አ. በክፍት ኩባያ 100 ፋራናይት ያለችውን ወሰን በ1879 በአቤል ዝግ ኩባያ 73 ፋራናይት አደረገችው። የተለወጠው ላምባው አይደለም፣ ክዳኑ ነው!

የአየር ግፊትም አለ። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባህር ጠለል 101.3። ለእያንዳንዱ የጎደለ ኪሎፓስካል 0.25 ዲግሪ ስለሚደመር እርማቱ 6 ዲግሪ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ እኛ ጋ ያው ላምባ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው 6 ዲግሪ ቀድሞ ብልጭ ይላል።

የእኛ ቡድን የተሳሳተው ግን በዚህ አልነበረም። የመጀመሪያው ሙከራ 38 ላይ ብልጭ አለ። የቀረውን ናሙና ክዳን በሌለው ቢከር ትተን ዙህር ሰግደን፣ ምሳ በልተን ተመለስን። ሁለተኛው 43 ሆነ። በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ እጅ የተሠራ ልኬት ከአንድ ዲግሪ ብዙም መራቅ የለበትም። ሪፖርቱ በማግስቱ የሚገባ ስለነበር «አማካዩን 40 ተኩል ብለን እንጻፍ» የሚለው ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁላችንንም ጥሞን ነበር። የላብ ረዳቱ ምንም አላሉም፤ ቢከሩን ብቻ በጣታቸው አሳዩን።

ምሳ ላይ ሳለን ቀላሉ ክፍል ተንኖ ሄዷል። በቢከሩ የቀረው ከጠርሙሱ የተሻለ መስሎ ታይቷል። ቤንዚን ያለበት ናሙና ቢሆን ኖሮ አደጋውን አስተንነን «ደህና ነው» ብለን እንፈርምበት ነበር።

43ቱን ሰረዝነው። ከታሸገው ጠርሙስ ቀድተን ብንደግመው 38 ተኩል አገኘን። ሁለቱን ከነእርማታቸው 44 እና 44 ተኩል ብለን አስገባን፤ አንድ ቀን ዘግይተን።