የሙዝ መልስ ለእንሰት

ከእምድብር አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪዬ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ የጻፈው የመስክ ሪፖርት አሁንም ይከነክነኛል። እንግሊዝኛው የጠራ፣ አደረጃጀቱ ያማረ ነበር። መፍትሔው ላይ ስደርስ ግን «ወንዴ አበባውን በባላ እንጨት ማስወገድ» ይላል፤ ቀጥሎም «ከአንድ ሥር ከወጡት ግንዶች የታመመውን ብቻ መቁረጥ»። ሁለቱም ለሙዝ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። እንሰት በየግሉ የሚቆም ተክል ነው፤ አብዛኛውም ሳያብብ ይቆረጣል። በሽታውን ከጓሮ ጓሮ የሚያዳርሰው በዋናነት የተበከለ ቢላዋ ነው። «ከየት አመጣኸው?» ስለው «ቲቸር፣ ቻትጂፒቲ ነው ያለው» አለኝ፤ አልደበቀም።

ለባልደረቦቼ ሳነሳው ወሬው ሁሉ ወደ ኩረጃ ዞረ። በየስብሰባው የምሰማው ይኸው ስለሆነ ታክቶኛል። «የማሽን ጽሑፍ መለያ ሶፍትዌር ይገዛ» ይባላል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 አንስቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሲፈትሹ፣ መለያዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ከጻፏቸው የቶፍል ድርሰቶች ከግማሽ በላዩን የማሽን ሥራ ብለዋቸዋል። ቤቱ ጉራግኛ፣ ሰፈር አማርኛ እየተናገረ አድጎ በእንግሊዝኛ የሚፈተን ልጅ በዚህ ሊዳኝ ነው?

ተማሪዬ አልኮረጀም፤ አምኖ ነው የተሳሳተው። ቻትቦቱ መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብለት መስሎታል። የሚያሳስበኝ ይህ እምነት ነው፤ መምህራን ዘንድም አለ። ቻትቦት ከተማረው የጽሑፍ ክምር ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየመረጠ ነው የሚጽፈው። ኢንተርኔት ገብቶ የሚፈልገውም ቢሆን ያልተጻፈውን አያገኝም። ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ላይ ይሰምርለታል፤ የሜንዴልን ሕግ ለተማሪዎቼ አሳምሮ ሲያስረዳ አይቻለሁ፤ ለመውጫ ፈተና ቢዘጋጁበትም ደስ ይለኛል።

እንሰት ላይ ግን ክምሩ ሳስቷል። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የበሽታውን ባክቴሪያ በእንሰት ላይ ለይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ኢትዮጵያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ሲታይ ግን ዓለም ተረባረበበት፤ ጥናቱም መመሪያውም ስለ ሙዝ ተከመረ። ማሽኑ ስለ እንሰት ሲጠየቅ ወደ ሙዝ ቢያዘነብል አይገርመኝም። ጥያቄው ወደ ጉራጌ ጓሮ በቀረበ ቁጥር መልሱ እየደከመ ይሄዳል፤ የአነጋገሩ እርግጠኝነት ግን ያው ነው። ጀማሪ ተማሪ ይህን በምን ይለየዋል?

በሽታው ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ያለው መከላከያ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት ነው። ይህ ልጅ ነገ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር በሚወጣው መንገድ ላይ ካለ ገበሬ ጓሮ ይቆማል። ገበሬው ያላበበውን እንሰት እያሳየው እሱ ስለ ወንዴ አበባ ሊያወራ ነው?

ቻትቦቱ ይከልከል አልልም። ተማሪው የጠየቀውንና የተመለሰለትን ሳይቆርጥ አያይዞ ያምጣ። ከእያንዳንዱ ምክር አጠገብ በየትኛው ተክል ላይ፣ የት እንደተሞከረ ይጻፍ። ከዚያ ጓሮ ገብቶ እንሰት ለሚፍቁት እናቶች ያንብብላቸው፤ የሚሉትንም መዝግቦ ይመለስ። እኔ ማርክ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ባልደረቦቼም እንዲሁ ቢያደርጉ እለምናለሁ።