በታላላቅ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ማዕረግ የሚገኘው እንዴት ነው?

በቀድሞው ዘመን አንድ አገልጋይ ከባላምባራስ ወደ ግራዝማች፣ ከግራዝማች ወደ ቀኛዝማች፣ ከዚያም ወደ ፊታውራሪና ወደ ደጃዝማች እየተባለ ማዕረጉ ከፍ ይል እንደ ነበር የማያውቅ አንባቢ የለም። የጦር ሠራዊትም ቢሆን ከአሥር አለቃ እስከ ጄኔራል የታወቀ ደረጃ አለው። ዛሬ በካሊፎርኒያ የሚገኙት ታላላቅ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ግን፣ ሠራተኞቻቸው ጂንስ ሱሪ ለብሰው፣ አለቃቸውንም በስሙ እየጠሩ ስለሚሠሩ፣ ለተመልካች ማዕረግ የሌለባቸው ይመስላሉ። ነገሩ እንደሚታየው አይደለም። በትከሻ ላይ ኮከብ ባይደረደርም፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ቁጥር አለው፤ ደመወዙም፣ የሥራው ስፋትም፣ የሚሰጠው የኩባንያ አክሲዮንም ከዚያ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው።

ለምሳሌ ያህል ጉግልን እንውሰድ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህ ኩባንያ በ1998 ዓ. ም. በሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በላሪ ፔጅና በሰርጌ ብሪን ተመሠረተ። በ2023 መጨረሻ ላይ፣ አልፋቤት የተባለው ባለቤት ኩባንያ ከ180,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ይህን ያህል ሰው ያለ ደረጃ ማስተዳደር ስለማይቻል፣ የመሐንዲሶቹ መሰላል እስከ 11 ድረስ በቁጥር ተከፍሏል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በቀጥታ የሚቀጠር ወጣት መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከደረጃ 3 ነው። በዚህ ጊዜ የተሰጠውን ሥራ በሌሎች እየተመራ ይሠራል። በደረጃ 4 ራሱን ይችላል። ደረጃ 5 ሲደርስ «ሲኒየር» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ እስኪሰጠው አይጠብቅም፤ ምን መሠራት እንዳለበት እርሱ ራሱ ያመለክታል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ይቆማል፤ መቆሙም እንደ ነውር አይቆጠርም። ደረጃ 6 «ስታፍ» የሚባለው ነው። ከዚህ በላይ ሰውየው የሚመዘነው በገዛ እጁ በጻፈው ፕሮግራም ብዛት ሳይሆን፣ በእርሱ ምክንያት ሌሎች በሠሩት ነው። እንዲህ እየቀጠለ ደረጃ 10 «ጉግል ፌሎው»፣ ደረጃ 11 ደግሞ «ሲኒየር ፌሎው» ይባላል።

አለቃ ሳይሆኑ ማደግ

በብዙ መሥሪያ ቤት ጎበዝ ባለሙያ ሲያድግ አለቃ ይሆናል። ውጤቱም ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ባለሙያ ያጣና መጥፎ አለቃ ያተርፋል። የአሜሪካው አይ. ቢ. ኤም. ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ቶማስ ዋትሰን ጁንየር ሲመሩት፣ ለዚህ መላ ፈጠረ። ባለሙያው ከሙያው ሳይወጣ የሚከበርበትን የ«ፌሎው» ማዕረግ አቋቋመ። ፎርትራን የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ የፈጠረውን ቡድን የመሩት ጆን ባከስ በ1963 ይህን ማዕረግ አግኝተዋል።

ጉግልም እንደዚሁ ሁለት መሰላሎች አሉት። በአስተዳደሩ መሰላል ሰንዳር ፒቻይ በ2004 ተቀጥረው፣ በ2015 የጉግል ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በሙያው መሰላል ደግሞ በ1999 የገቡት ጄፍ ዲንና ሳንጄይ ገማዋት ደረጃ 11 ላይ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ሆኑ።

ማን ይሾማል?

ለብዙ ዓመታት በጉግል የቅርብ አለቃ ብቻውን ሰውን ከፍ ማድረግ አይችልም ነበር። እድገት የፈለገ ሠራተኛ ራሱ ያመለክታል፤ የሠራውን በጽሑፍ ይዘረዝራል፤ ባልደረቦቹም ምስክርነታቸውን ይጽፉለታል። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ለኮሚቴ ይቀርባል። የኮሚቴው አባሎች በማዕረግ የሚበልጡት፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በአካል የማያውቁት መሐንዲሶች ነበሩ። ይህም የተደረገው ወዳጅነትና አማላጅ በሹመት ላይ እንዳይገቡ ነው።

ዋናው ሕግ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነው። ሰው ተሾሞ ሥራውን አይጀምርም፤ የሚቀጥለውን ደረጃ ሥራ አስቀድሞ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ማዕረጉ ይከተለዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን እዚያ ቢነገር ይገለበጣል፤ ሳይሾም ያልሠራ አይሾምምና።

የመሰላሉ ጉድለት

ይሁን እንጂ ኮሚቴ የሚያየው ወረቀቱን ነው። አዲስ ነገር የሠራ ሰው «ይህን አወጣሁ» ብሎ በአንድ መስመር ይጽፋል። አሮጌውን ፕሮግራም ሲጠግን፣ ሌሊት እየተነሣ ብልሽት ሲያርም የከረመውስ ምን ብሎ ይጻፍ? የእርሱ ሥራ የሚታወቀው ምንም ነገር ባለመድረሱ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መሐንዲስ የሚጠቅመውን ትቶ የሚታየውን ይመርጣል። ጉግል ብዙ ነገር እያወጣ ቶሎ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው የሚሉ ተቺዎች አሉ። በ2016 ወጥቶ በ2019 የተዘጋው «አሎ» የተባለ የመልእክት መለዋወጫ ለዚህ ወቀሳ ከቀረቡት ምሳሌዎች አንዱ ነው።

የሚያስደንቀው ግን፣ ከመሰላሉ ጫፍ የደረሱት ሁለቱ ሰዎች ስም ያተረፉት በጥገናም መሆኑ ነው። በማርች 2000 ጉግል የመፈለጊያ ማውጫውን ማደስ አቅቶት ለወራት የቆየ መረጃ ሲያቀርብ፣ ዲንና ገማዋት በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው የብልሽቱን ምንጭ ፈለጉ። ጥፋቱም ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከርካሾቹ ኮምፒዩተሮች ሜሞሪ ሆኖ ተገኘ።

በ2022 ኩባንያው ሥርዓቱን ለውጦ፣ ወረቀት የሚበዛበትን ግምገማ በዓመት አንድ ጊዜ አደረገው፤ የእድገት በር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ መከፈቱን ቀጠለ።

እንግዲህ በየትም መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወጣት ከዚህ ሁለት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ሥራ እንደ ጀመረ «የሚቀጥለው ደረጃ ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ የሠራውን ጥገናውን ሳይቀር ሳምንት በሳምንት በማስታወሻ ይጻፍ፤ ዓመት ቆይቶ የሚያስታውስለት የለምና። አለቃ የሆነ ሰውም የእድገት ወረቀት ሲቀርብለት፣ ማን አዲስ ነገር እንዳወጣ ብቻ ሳይሆን፣ ባለፈው ዓመት ምን ሳይበላሽ እንደ ቀረና ማን እንደ ጠበቀው ይጠይቅ።