ፈረስ በልጓሙ፥ አውቶሞቢል በፍሬኑ

አባቶቻችን ፈረስ ሲገዙ ሩጫውን ብቻ አይተው ገንዘብ አይከፍሉም ነበር። ልጓም መቀበሉን፥ ቍልቍለት ሲወርድ እግሩን ማጽናቱን፥ በድንገተኛ ድምፅ አለመደንበሩን ጭምር ይመረምሩ ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የተባለውም፥ ጉልበት ብቻውን ሥራ እንደማይፈጽም ለማስረዳት ነው። ዛሬ አውቶሞቢል የሚገዛ የቤተ ሰብ አባት ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል ትሮጣለች?» ብሎ ነው። ስለዚህ በፈጣን የቤተ ሰብ አውቶሞቢል ሥራ ስማቸው የተጠራው ጀርመኖች ወደዚህ ጥበብ እንዴት እንደ ደረሱ ለአንባብያን መግለጥ ይጠቅማል ብለን አሰብን። የውጭውን አገር ነገር የምንጽፍበት ዓመት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ካርል ቤንዝ የተባለው መሐንዲስ በ1886 ባለ ሦስት እግር አውቶሞቢሉን በመንግሥት መዝገብ ባስመዘገበ ጊዜ፥ የሞተሩ ኃይል አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም ነበር። በ1888 ባለቤቱ ወይዘሮ በርታ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ከማንሃይም እስከ ፕፎርስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። በመንገድ ነዳጁ ቢያልቅባቸው ከመድኃኒት ቤት ገዙ፤ ቍልቍለቱ የፍሬኑን እንጨት ቢበላው ጫማ ሰፊ አስጠርተው ቆዳ አስለበጡበት። እንግዲህ በአውቶሞቢል የተደረገው የመጀመሪያው ረጅም የቤተ ሰብ ጉዞ ያስተማረው ትምህርት ስለ ሩጫ ሳይሆን ስለ መቆም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆን፥ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለውን፥ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ ናኬ የተባለውን አውቶሞቢል ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተማ አደረሱ። ያን ጊዜ ለአውቶሞቢል የተሠራ መንገድ ስላልነበረ ፍጥነት በአሳብ እንጂ በሥራ አልታየም።

ጀርመኖችን ወደ ፍጥነት የመራቸው ግን መንገዳቸው ነው። በ1932 በኮሎኝና በቦን መካከል የተከፈተው አውራ ጎዳና እግረኛና ጋሪ የማይገባበት፥ መስቀለኛ መንገድም የማያቋርጠው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1954 መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስ ኤል የተባለውን ኩፔ፥ ማለት ሁለት በርና ዝቅ ያለ ጣራ ያለውን አውቶሞቢል አወጣ። በሮቹ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱ፥ በፍጥነቱም በዘመኑ የተደነቀ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ስለ ሆነ ሚስትና ልጆችን አይጠቅምም።

የቤተ ሰቡን አውቶሞቢል ከፈጣኑ ጋር ለማዋሐድ ትልቁን እርምጃ የወሰደው ቢ ኤም ደብሊው ነው። በ1961 ባለ አራት በሩን 1500 አሳየ። ከዚያም በ1968 ዋክሰንበርገር የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ፥ ለነገሥታትና ለባለጸጎች ከተሠራው 600 የወሰደውን ታላቅ ሞተር ከእርሱ ባነሰው ሴዳን ውስጥ አግብቶ 300 ኤስ ኢ ኤል 6.3 የተባለውን አወጣ። ኃይሉ 250 የፈረስ ጉልበት፥ ፍጥነቱም በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግን ባለ ሥልጣን ወደ ቢሮው የሚሄድበት ጨዋ አውቶሞቢል ይመስል ነበር።

በ1973 ቢ ኤም ደብሊው 2002 ቱርቦ የተባለውን ኩፔ መሳይ ትንሽ አውቶሞቢል በ170 የፈረስ ጉልበት አወጣ። በዚያው ዓመት የነዳጅ ችግር በዓለም ላይ ስለ ወደቀ የተሠራው 1,672 ብቻ ሆነ። ይኸውም ፍጥነት በመሐንዲሱ ፈቃድ ብቻ እንደማይኖር አስረዳ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ አንባቢ በማስተዋል ይመልከት። በ1978 መርሴዲስ፥ ቦሽ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ፥ ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ በትልቁ ሴዳን ላይ አዋለ። በ1980 አውዲ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ኳትሮ የተባለ ኩፔ አወጣ። በ1985 ኤም 5 በ286 የፈረስ ጉልበት ታየ፤ በማግሥቱም ዓመት ኤም 3 ተከተለ። በ1995 ደግሞ አውቶሞቢሉ በመታጠፊያ ላይ ሲንሸራተት ራሱ እየለየ እያንዳንዱን ጎማ የሚይዝ መሣሪያ በመርሴዲስ ኩፔ ላይ ገባ። እንግዲህ ሞተሩ አንድ ደረጃ በወጣ ቍጥር ፍሬኑ፥ ጎማውና መሪው አብረው ወጥተዋል። የጀርመኖቹ ትልቅ ጥበብ ይህ ነው። ከዚህም በላይ ኩባንያዎቹ ራሳቸው የብዙዎቹን አውቶሞቢሎች ፍጥነት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ላይ ወሰኑ።

በ2024 የወጣው ኤም 5 ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ 727 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ ግን 1,400 ኪሎ ገደማ ከነበረው ከመጀመሪያው እጅግ በልጦ ከ2,400 ኪሎ አልፏል። ፖርሽም በ2019 ታይካን የተባለውን ባለ አራት በር በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ አውቶሞቢል አውጥቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ይህ ወሬ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና እግር ሲነካው ኃይሉን ሁሉ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ ትናንት የጥቂቶች የነበረው ፍጥነት ነገ በብዙ ቤት ደጃፍ ይቆማል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ወደ አገራችን መንገድ አምጥተን እንመዝነው። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ የሚወስደው መንገድ በደብረ ወገግ ገዳም በታወቀው በአሰቦት በኩል ያልፋል። ሜዳው ሰፊ ስለ ሆነ ነጂውን «ሩጥ፥ ሩጥ» ይለዋል። ነገር ግን እንደ አዲስ አበባና አዳማ የፍጥነት መንገድ አጥር የለውም። ግመሉ፥ ከብቱ፥ ፍየሉም ከእረኛው ልጅ ጋር ይሻገርበታል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅ 17 ሜትር ይሄዳል፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ120 ቢሄድ በሴኮንዱ 33 ሜትር ያልፋል፤ ለመቆምም 80 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል። ግመል በድንገት ቢገባ 37 ሜትር የሚበቃው ሰው ይድናል፤ ከ110 ሜትር በላይ የሚሻው ግን የፈረሱ ጉልበት 700 ቢሆንም አያድነውም። የጀርመን መሐንዲስ ፍሬኑን ሊያሻሽል ይችላል፤ ግመሉን ሊያስተምር ግን አይችልም።

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ፥ ማለት ወደ አሰበ ተፈሪ የሚያወጣው ዳገት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሲመለሱ ቍልቍለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ይደክምበታል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ፥ ኤሌክትሪክ ከሆነም ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ አድርጎ መውረድ ይገባል።

እንግዲህ አውቶሞቢል ለመግዛት ያሰበ የቤተ ሰብ አባት፥ እንዲሁም የገንዘቡ ተካፋይ የሆነች እመቤት፥ ከፍጥነቱ በፊት ስለ ፍሬኑ፥ ስለ ጎማው ዕድሜና ስለ መቀመጫው ቀበቶ ይጠይቁ። ልጆችም ከኋላ ታጥቀው ይቀመጡ። በአሰቦት ሜዳ ላይ ጉዞው ያማረለት የሚባለው ቀድሞ ያለፈው አይደለም፤ የራሱንም የእረኛውንም ልጅ በደኅና ወደ ቤት ያስገባው ነው።