ሰማያዊው የፖሊስ ሣጥን በጓሮ ጽሕፈት ቤት ሲሆን

በእንግሊዝ አገር ከመኖሪያ ቤቶች በስተኋላ በሚገኙት ትንንሽ የአትክልት ሥፍራዎች ውስጥ አልፎ አልፎ አንድ እንግዳ ነገር ቆሞ ይታያል። አራት ማዕዘን የሆነ፥ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ፥ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፥ በአናቱ ላይ መብራት የተተከለበት የጣውላ ጎጆ ሲሆን፤ በግንባሩ ላይ የፖሊስ ስልክ ሣጥን መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በነጫጭ ፊደላት ተጽፎበታል። የአገሩ ሰው ግን ይህን ሲያይ ፖሊስ ይኖርበታል ብሎ አያስብም፤ ልጁም ሽማግሌውም «ታርዲስ» ብሎ በስሙ ይጠራዋል። የቴሌቪዥን ትርኢት ወዳድ የሆነ ሰው በትርፍ ጊዜው መጋዝና መዶሻ ይዞ የሠራው አምሳያ መሆኑንም ወዲያው ይረዳል። ከእነዚህ አምሳያዎች አንዳንዶቹ ከጌጥነት አልፈው ጠረጴዛና ወንበር ገብቶላቸው የቤት ጽሕፈት ቤት እስከ መሆን ደርሰዋል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ እነዚሁ ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ዶክተር ሁ» የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ትርኢት በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን 1963፤ በእኛም ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ. ም. ነበር። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1989 ከተቋረጠ በኋላ በ2005 እንደገና ቀጥሏል። የትርኢቱ ባለታሪክ በጊዜና በኅዋ ውስጥ የሚጓዝበት መንኰራኵር «ታርዲስ» ሲባል፤ ከደረሰበት አገር መልክ ጋር እንዲመሳሰል ሆኖ የተሠራ ነው። ነገር ግን መልክ የሚለውጠው መሣሪያ ስለ ተበላሸ፤ በሎንዶን መንገድ ላይ የያዘውን የፖሊስ ሣጥን መልክ እንደ ያዘ ቀርቷል። ትልቁ ተአምሩ ግን ይህ አይደለም። ከውጭ ሲያዩት አንድ ሰው በጭንቅ የሚቆምበት የሚመስለው ሣጥን፤ በሩ ሲከፈት ውስጡ ሰፊ አዳራሽ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የረሳው አንድ ነገር አለ። የፖሊስ ሣጥኑ የቴሌቪዥን መሣሪያ ከመሆኑ በፊት ራሱ ጽሕፈት ቤት ነበረ። የሎንዶን ፖሊስ ሠራዊት ከ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በየመንገዱ ዳር ያቆማቸው እነዚህ ሣጥኖች፤ የሠራዊቱ የሕንፃ ባለሙያ በነበረው በጊልበርት ማኬንዚ ትሬንች ንድፍ የተሠሩ ሲሆኑ፤ በ1953 በታላቋ ሎንዶን 685 ያህል ነበሩ። በዚያን ዘመን ፖሊሱ በኪሱ የሚይዘው ሬዲዮ አልነበረውም። ስለዚህ በጣቢያው የሚፈለግ እንደ ሆነ በሣጥኑ አናት ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ እርሱም ከሩቅ አይቶ ይመጣና በስልኩ ይነጋገራል። ችግር የደረሰበት መንገደኛም በውጭ በኩል ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ከፍቶ፤ ያለ ምንም ክፍያ ከፖሊስ ጣቢያ ጋር መነጋገር ይችል ነበር።

በሣጥኑ ውስጥ ጠረጴዛ፥ በርጩማ፥ መጥረጊያ፥ የእሳት ማጥፊያና ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገኝ ነበር። ፖሊሱ ያየውን በዚያ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ምሳውንም ይበላል፤ የያዘው ወንጀለኛ ካለ መኪና እስኪመጣለት ድረስ ቆልፎበት ይቆያል። በአገራችን በየግቢው በር የሚታየውን የዘበኛ ቤት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ፖሊሶቹ የእጅ ሬዲዮ ሲሰጣቸው የሣጥኖቹ ሥራ አበቃና አብዛኞቹ ፈረሱ። የቀሩትም ቢሆኑ ያለ ሥራ አልተቀመጡም፤ በኤዲንብራ ከተማ ከብረት የተሠሩት የከተማይቱ ሣጥኖች በርከት ብለው ተሸጠው ዛሬ ቡና ይሸጥባቸዋል።

እንግዲህ አምሳያውን ወደ ጽሕፈት ቤት የሚለውጥ ሰው፤ ሳያውቀው ሣጥኑን ወደ ቀድሞ ሥራው መመለሱ ነው። ነገሩን ዕብደት ነው የሚሉ ጎረቤቶች ይህን ቢያውቁ ሐሳባቸውን በለወጡ ነበር። ደግሞም ምክንያቱ የልጅነት ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ መኖሪያ ቤቱ ተመልሶ፤ የምግብ ጠረጴዛውን የሥራ ጠረጴዛ አደረገው። ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ ይህ ልማድ ለብዙዎች ቀርቷል። የጉዳዩን ክብደት የቤት እመቤቶች ይበልጥ ያውቁታል። አባት በሳሎን ተቀምጦ ከአለቃው ጋር በኮምፒዩተር ሲነጋገር ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀመጣሉ፤ እናትም የሥራ ሰዓት ሲደርስባት የምትገባበት ክፍል አጥታ በመኝታ ቤት አልጋ ላይ ወረቀቷን ትዘረጋለች። በግቢ ውስጥ ተለይታ የቆመች፥ በር ያላት፥ ሲገቡባት ሥራ የሚጀመርባት ሲወጡባትም የሚያበቃባት ትንሽ ጎጆ ብትኖር የቤቱን ሰላም ምን ያህል እንደምትጠብቅ መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ በእውነተኛው ዓለም ሣጥኑ ከውጭ ጠባብ እንደ ሆነ ሁሉ ከውስጥም ጠባብ ነው። ወለሉ በየጎኑ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፥ ከፍታውም 2 ሜትር ከ20 ቢሆን፤ በውስጡ ያለው አየር 3 ሜትር ኩብ ከጥቂት ወይም ወደ 3,200 ሊትር ገደማ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 18 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። በውጭ ባለው ንጹሕ አየር ውስጥ ይህ ጋዝ ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፤ ቀዳዳው ሁሉ በተደፈነበት ሣጥን ውስጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 60 እጅ ይደርሳል። ሰውዬው ሥራው የሰለቸው ይመስለዋል እንጂ ራሱን የሚያመውና እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው አየሩ ስለ ተበላሸበት ነው። ስለዚህ ከወለሉ አጠገብ አንድ፥ ከጣራው ሥር ደግሞ በተቃራኒው ግድግዳ አንድ የአየር መግቢያና መውጫ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ መበጀት አለበት። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ራሳቸው ያናፍሱታል። በላይ በኩል ያሉት መስኮቶችም ለጌጥ ብቻ የተለጠፉ ሳይሆኑ የሚከፈቱ ይሁኑ።

በሩ ሌላው ቁም ነገር ነው። በትርኢቱ ውስጥ በሮቹ ወደ ውስጥ ሲከፈቱ ይታያሉ፤ አዳራሽ ለሚያህለው መንኰራኵር ይህ ይስማማው ይሆናል። በጓሮው ጎጆ ግን ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ወንበሩን ገፍቶ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ሰውም በውስጥ ቢወድቅ ከውጭ ገፍቶ መክፈት ይቸግራል። ማጠፊያው ወደ ውጭ እንዲከፈት ሆኖ ይግባ። አክራሪ የትርኢቱ ወዳጆች በዚህ ቅር ቢሰኙም፤ ጎጆው ለሰው እንጂ ለሥዕል አይደለም።

ጠረጴዛው ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተገጥሞ፤ ከወለሉ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል መልካም ነው። ወደ ፊት 50 ሳንቲ ሜትር ከወጣ ኮምፒዩተርና አንድ መጽሐፍ ይበቃዋል፤ የቀረው ዕቃ ሁሉ ከራስ በላይ በሚሠራ መደርደሪያ ላይ ይውጣ። ብርሃኑ ከላይ ከመስኮቶቹ ስለሚወርድ ዓይን አያደክምም። ጕድለቱ ተቀምጦ የሚሠራው ሰው ወደ ውጭ ለማየት አለመቻሉ ስለሆነ፤ ቢያንስ በየሰዓቱ ወጥቶ ዛፉንና ሰማዩን መመልከት ይኖርበታል።

እውነተኞቹ የሎንዶን ሣጥኖች የኮንክሪት ስለ ነበሩ ፖሊሶቹ በብርድ ምክንያት ሲያማርሩ ኖረዋል። የጣውላው አምሳያ በዚህ ይሻላል፤ በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል ሙቀት የሚይዝ ሽፋን ከገባበት ደግሞ ተቀምጦ የሚሠራው ሰው ራሱ 100 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ ትንሽ ማሞቂያ ይበቃዋል። ወለሉ በቀጥታ አፈር ላይ እንዳያርፍ በጡብ ወይም በሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ከፍ ይበል። ጣራውንም የተበሳበት ቦታ፥ ይኸውም የመብራቱ ሥር፥ ውሃ እንዳያስገባ በጥንቃቄ ይደፈን። የኤሌክትሪኩ መሥመር ግን የትርፍ ጊዜ አናጢ የሚሞክረው ሥራ አይደለም። ከመሬት በታች የሚቀበር የተጠናከረ ሽቦና ኤሌክትሪክ በሚያመልጥበት ጊዜ ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያ በባለሙያ እጅ መግባት አለበት። ወረቀት፥ ጣውላና ማሞቂያ በአንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ በተሰበሰቡበት ሥፍራ፤ የጥንቱ ፖሊስ ሳይለየው የነበረው የእሳት ማጥፊያ ዛሬም ያስፈልጋል።

በሕግ በኩል በእንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነቱ የጓሮ ጎጆ ብዙውን ጊዜ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። ነገር ግን ከአጥሩ 2 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የሚቆም ከሆነ ከፍታው ከ2 ሜትር ተኩል ማለፍ የለበትም። የአምሳያውን ቁመት ከእውነተኛው ጋር አስተካክላለሁ የሚል ሰው ከአጥሩ ራቅ ይበል። ስለ ሣጥኑ መልክ ባለቤትነትም አንድ የሚያስገርም ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ቢ.ቢ.ሲ. በ1996 መልኩን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲጠይቅ የሎንዶን ፖሊስ ሣጥኑ የእኔ ነው ብሎ ተቃወመ። በ2002 የተሰጠው ውሳኔ ለቢ.ቢ.ሲ. ሆነ። ፖሊስ በገዛ ሣጥኑ ተረታ ማለት ነው።

የጓሮ ጽሕፈት ቤት ለእንግሊዞች አዲስ ነገር አይደለም። በ1925 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ጆርጅ በርናርድ ሾው፤ ኤዮት ሴንት ሎውረንስ በተባለችው መንደር በነበረው ቤቱ የአትክልት ሥፍራ ዳርቻ፤ በየጎኑ 2 ሜትር ከ40 ያህል የሆነች ጎጆ አሠርቶ ይጽፍባት ነበር። ጎጆዋ በክብ ሐዲድ ላይ ስለ ተቀመጠች ፀሐይ ስትዞር እርሱም ገፍቶ ያዞራታል። ማሞቂያና ከቤቱ ጋር የሚገናኝ ስልክም ነበራት። ስሟን «ሎንዶን» ብሎ ስላወጣላት፤ እንግዳ ሲመጣ የቤት ሠራተኛይቱ ሳትዋሽ «ጌታዬ ሎንዶን ሄደዋል» ትል ነበር ይባላል።

ሰማያዊው ሣጥን እንደ ሾው ጎጆ ባይዞርም፤ በአናቱ ላይ ያለው መብራት ለቤተሰቡ የሚሰጠው አገልግሎት አለ። ማብሪያ ማጥፊያው ከሣጥኑ ውስጥ አንድ፥ ከወጥ ቤቱም አንድ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ከውስጥ ሲበራ ሥራ ላይ ነኝ ማለት ስለሚሆን ልጆች በሩን አያንኳኩም። ከወጥ ቤት በኩል ብልጭ ድርግም ሲል ደግሞ፤ የጥንቱ ፖሊስ ወደ ስልኩ እንደሚሮጥ ሁሉ፤ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ምሳው ይነሣል።