የእንሰት ጠላት ሞተር

«ሳይንቲስቶች ባክቴሪያ ውስጥ ሞተር አገኙ፤ ዝግመተ ለውጥ አበቃለት» የሚለው ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ መዞሩን አልተወም። ሞተሩ እውነት ነው። ቀሪው ግን ብዙ ይጎድለዋል።

ሞተሩን የተሸከመ ፍጡር እንሰት በሚበቅልባቸው በዶዮገና ጓሮዎችም አለ። እንሰት በአጠውልግ በሽታ ሲያዝ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ግንዱ ሲቆረጥ በባክቴሪያ የተሞላ ቢጫማ ፈሳሽ ይወጣዋል። ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቁት ይህ ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በአንድ ጫፉ ላይ አንድ ጭራ አለው።

ከጭራው ሥር ያለው ሞተር የሚዞረው በሕዋሱ ሽፋን በኩል በሚፈሱ ፕሮቶኖች ጉልበት ነው። በደንብ በተጠናው ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ዙር ገደማ ይደርሳል። ጭራው ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው፤ የሚያድገውም ከጫፉ ነው። ሥሩ ላይ ያለ ፓምፕ አዳዲስ ፕሮቲኖችን በቱቦው ውስጥ ይገፋል፤ እነሱም ጫፉ ላይ ደርሰው ይደረደራሉ።

አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ማይክል ቢሂ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ አካሉ ቢጎድል ጭራው አይሠራም፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ሊመጣ አይችልም፤ ንድፍ አውጪ አለው ሲል ተከራከረ። አካል ሲጎድል ባክቴሪያው መዋኘት ማቆሙ ልክ ነው። የሚያስቸግረው «ስለዚህ» የምትለዋ ናት።

ያው ዛንቶሞናስ ሌላም መሣሪያ አለው፦ ፕሮቲን ወደ ተክሉ ሕዋስ የሚወጋበት መርፌ። ከመርፌው ሥር ያለው ፓምፕ የጭራው ፓምፕ ዘመድ ነው። ሞተር የለውም፤ አያስዋኝም፤ ግን እንሰቱን ለማሳመም ያገለግላል። የመኪና ጎማ ከጋሪ ሥር ገብቶ እንደሚያገለግለው ማለት ነው። (ጋሪውን የሠራው ሰው ነው የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ ምሳሌው የሚመለከተው አንድ ዕቃ ሌላ ሥራ ማግኘቱን ብቻ ነው።)

የቢሂ ተቺዎችም አንዳንዴ ይቸኩላሉ። መርፌውን የጭራው አያት የሚያደርጉት አሉ፤ የዘረመል ንጽጽሮች ግን በአመዛኙ የሚያመለክቱት መርፌው ከጭራው ወገን መውጣቱን ነው። መርፌው፣ ፓምፑ ያለ ሞተር ጠቃሚ መሆን እንደሚችል ያሳያል፤ ጭራው በምን ቅደም ተከተል እንደተገጣጠመ ግን አይነግረንም። ይህ ዛሬም በተመራማሪዎች መካከል ያከራክራል። የንድፍ አውጪው ክርክር ግን በአሜሪካ ከፔንሲልቬንያ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ዳኛ ጆን ጆንስ ሐሳቡ ሳይንስ አይደለም ብለው ፈረዱ።

ለእንሰት ገበሬ ግን ሞተሩ ዋናው ጠላት አይደለም። በሽታው ከተክል ወደ ተክል በብዛት የሚሻገረው በቢላ ነው፤ ከእያንዳንዱ እንሰት በኋላ ስለቱን በእሳት ማጋል ባክቴሪያውን ይገድለዋል።