ከጎል በላይ የሚቆጠር

ልጅ ካርዱን ይዞ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አብዛኛው ወላጅ ቶሎ ብሎ የሚያየው ደረጃውን ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። በዚያው ካርድ ላይ ስለ ጠባዩ የተሰጠው ምልክት ግን ብዙ ጊዜ የሚያነበው አያገኝም። በዚህ ረገድ ለብዙዎቻችን እንግዳ ከሆነው ከካናዳ የበረዶ ሆኪ የምንማረው ነገር አለ።

የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ፓክ የምትባለውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ በረጅም በትር ወደ ጎል የሚመቱበት ጨዋታ ነው። ግፊያ የበዛበት ሲሆን አንዳንዴም ቡጢ ይሰነዘርበታል። ጥፋት የሠራ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቡድኑም አንድ ሰው ጎድሎት ይጫወታል። የአንዱ ቁጣ ለሁሉም ይተርፋል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ስፖርት ጨዋነትን መሸለም የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ባለቤት የነበሩት ሌዲ ቢንግ፣ ከፍተኛ ችሎታን ከመልካም ምግባር ጋር አጣምሮ ለተገኘ ተጫዋች የሚሰጥ ዋንጫ አበረከቱ። የመጀመሪያው ተሸላሚ የኦታዋው ፍራንክ ናይቦር ነበር። ዋንጫው ዛሬም ይሰጣል።

ከቤት የራቁ ልጆች

በካናዳ በአብዛኛው ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች የሚጫወቱባቸው 3 ትልልቅ ሊጎች አሉ። ብዙዎቹ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ ቡድኑ ባለበት ከተማ በሚቀበሏቸው ቤተሰቦች ቤት ይኖራሉ። የሰው ቤት ገብተው፣ የሰው ማዕድ ቀርበው፣ ትምህርታቸውንና ልምምዳቸውን ይከታተላሉ። ማታ ደግሞ ከተማው በሙሉ ያጨበጭብላቸዋል። በዚያ ዕድሜ ይህን ያህል ጭብጨባ መሸከም ቀላል አይደለም።

ሊጎቹም ብዙ ጎል ላገባው ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡን ላገለገለው ልጅም በየዓመቱ ሽልማት ይሰጣሉ። ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን መጎብኘት፣ ትምህርት ቤት ሄዶ ለትንንሾቹ መጽሐፍ ማንበብ፣ ለችግረኞች ገንዘብ ማሰባሰብ ከሚታዩት ሥራዎች መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 በካምሉፕስ ከተማ የተጀመረ አንድ ደስ የሚል ልማድም አለ። ባለሜዳው ቡድን የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ተመልካቹ ይዞት የመጣውን የጨርቅ አሻንጉሊት ወደ በረዶው ይወረውራል። አሻንጉሊቶቹም ተሰብስበው ለሕፃናት ይታደላሉ።

በስሙ የተሰየመው ዋንጫ

የኦንታሪዮ ሊግ ለአገልግሎት የሚሰጠው ሽልማት በዳን ስናይደር ስም ይጠራል። ዳን በወጣትነቱ የኦወን ሳውንድ ቡድን አምበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የቡድን ጓደኛው በፍጥነት ይነዳው የነበረው መኪና አትላንታ ውስጥ ተጋጨ፤ ዳንም ከቀናት በኋላ በ25 ዓመቱ ሞተ።

ወላጆቹ የሜኖናይት እምነት ተከታዮች ናቸው፤ በአገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዚሁ እምነት ቤተሰብ ናት። ልጃቸውን ባጡበት በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነው ሾፌሩን ይቅር ማለታቸውን በይፋ ተናገሩ፤ ወኅኒ እንዳይወርድም ጠየቁ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ጥፋቱን ያመነውን ወጣት በ3 ዓመት የአመክሮ ጊዜ አለፈው። ዛሬ ያንን ዋንጫ የሚቀበል ልጅ ሁሉ ከዳን ስም ጋር ይህንንም ታሪክ ይረከባል።

ዋንጫ ብቻውን አይበቃም

ይሁንና ሽልማት ብቻውን ልጅ አያሳድግም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሆኪ ካናዳ የተባለው የአገሪቱ የሆኪ ድርጅት፣ ከተጫዋቾች የምዝገባ ክፍያ በተጠራቀመ ገንዘብ የወሲብ ጥቃት ክሶችን በስምምነት ሲዘጋ መቆየቱ ታወቀ። ሕዝቡ ተቆጣ። በዚያው ዓመት ዋና ኃላፊውና የቦርዱ አባላት በሙሉ ሥራቸውን ለቀቁ። በአንድ በኩል ምግባር ይሸለማል፣ በሌላ በኩል ጥፋት ይሸፈናል፤ ልጆች ደግሞ ሁለቱንም ያያሉ።

እንግዲህ እናንት ባልና ሚስት፣ በቤታችሁ የሚመሰገነው ምንድን ነው? ልጃችሁን ስታመሰግኑት «ጎበዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ያደረገውን ጠቅሳችሁ ንገሩት። «ታናሽህ ሲሸነፍ ስላልሳቅህበት ደስ ብሎኛል» የሚል ቃል ከዋንጫ ይልቅ ልብ ውስጥ ይቀራል። ጥፋት ሲያጠፋም ስለ ስማችሁ ብላችሁ አትደብቁለት፤ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ የበደለውንም እንዲክስ አብራችሁት ሂዱ። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎችም ጥቅስ በቃሉ ያጠናውን ስትሸልሙ፣ ወንበር አንስቶ ቤቱን ጠርጎ የሚሄደውን አትርሱት። ልጆቻችን የሚሮጡት እኛ ወደምናጨበጭብበት ነውና።